ሐይቁ የጠበባት ሴት

አንዲት በነፋስ የምትኖር ሴት ነበረች። ስሟ ሌሊሴ ይባላል። በስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች በአንዱ ዳርቻ ተወልዳ እዚያው ያደገች ስትሆን፣ እንጀራዋም ክብሯም የሚወጣው ከዚያው ውሃ ላይ ነበር። ሥራዋ ዊንድሰርፊንግ ነው። በአንዲት ረጅም ሰሌዳ ላይ ቆማ፣ ሰሌዳዋ ላይ የተተከለውን ሸራ በሁለት እጇ ይዛ፣ ነፋስ እየገፋት ውሃው ላይ ትከንፋለች። ሞተር የለ፣ መቅዘፊያ የለ፤ ያለው ነፋስና የእሷ ክንድ ብቻ ነው።

የዚያ ሐይቅ ነፋስ ሰዓቱን ያከብራል። ጠዋት ውሃው እንደረጋ እርጎ ጸጥ ይላል። ከቀትር በኋላ ከወደ ተራራው ነፋስ ይነሳና ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ከአንድ አቅጣጫ ሳያቋርጥ ይነፍሳል። ሌሊሴ ይህን ነፋስ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። የት ጋ እንደሚበረታ፣ የት ጋ እንደሚደክም ዓይኗን ጨፍና ትናገራለች። በየዓመቱ በበጋ በሚደረገው የሐይቁ ውድድር ለሰባት ዓመት የቀደማት ሰው አልተገኘም። ከየከተማው ጎበዛዝቱ ሸራቸውን አሳምረው ይመጣሉ፤ ጀርባዋን አይተው ይመለሳሉ።

ታላቅ ወንድሟ ገመቹ በሐይቁ ዳር ሰሌዳና ሸራ እያከራየና ከእሷ ጋር ጀማሪ እያስተማረ የሚተዳደር ሰው ነው። በእህቱ የሚኮራው ኩራት ልክ አልነበረውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር እጁን ወደ ውሃው ዘርግቶ፣ «ያቺ የምታይዋት የሐይቁ ንግሥት ናት፤ ወድቃ አታውቅም» ይላል። ሰውም እሷን ለማየት ይመጣል፤ ያያት ደግሞ ልማር ይላል። የቤቱ ጓዳ የሚሞላው በስሟ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሰባተኛው ዓመት ድል ማግስት ሌሊሴ ሸራዋን እያጠበች ሳለ እጇን አቆመችና ወንድሟን ተመለከተችው።

«ጋሼ፣ ትናንት ክንዴ አልደከመኝም» አለችው።

«ታዲያ ደስ አይልሽም እንዴ?»

«ድሮ ሳሸንፍ ማታ ማንኪያ ማንሳት ያቅተኝ ነበር። ትናንት ግን ገበያ ደርሼ የመጣሁ ነው የመሰለኝ።»

ገመቹ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ውድድሩን ሊያዩ ከመጡት እንግዶች መካከል ሃንፈሬ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ እዚያው ዳር ላይ ነበሩ። ከቀይ ባሕር ዳር ከምትገኝ የወደብ ከተማ የመጡ አፋር ናቸው፤ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ስለኖሩ አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በሸራ ሰሌዳ ማዕበል ላይ ሲጋልቡና ሰው ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ገመቹ እንደ ልማዱ ደረቱን ነፍቶ፣ «እህቴን እንዴት አዩዋት?» ብሎ ጠየቃቸው።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና፣ «ጎበዝ ናት፤ ውሃው ግን ምንም አልጠየቃትም» አሉ።

ገመቹ ፊቱ ተቀየረ። ሌሊሴ ግን ሸራዋን ጥላ መጣች። «ምን ማለትዎ ነው?» አለቻቸው።

«ይህ ሐይቅ ያለውን ጥያቄ ሁሉ መልሰሽ ጨርሰሻል ማለቴ ነው፣ ልጄ። ነፋሱ አንድ ነው፤ መንገዱም አንድ ነው። ባሕር ሌላ ጥያቄ አለው። መልሱን ታውቂው ወይም አታውቂው እንደሆን እኔ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም።»

ሽማግሌው በማግስቱ ወደ አገራቸው ሄዱ። ቃላቸው ግን እንደ እሾህ ተሰክቶባት ቀረ። ሐይቁን ስታየው ድሮ ሰፊ የነበረው ውሃ ጠበባት። አንድ ሳምንት ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ከርማ፣ «ወደ ባሕር እሄዳለሁ» አለች።

ገመቹ በቁጣ ተነሳ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ሲባል አልሰማሽም? እዚህ ነፋሱ ያውቅሻል፣ ሰዉ ያውቅሻል። እዚያ ማን ያውቅሻል?»

«እሱን ብዬ እኮ ነው የምሄደው፣ ጋሼ።»

«ብትወድቂስ? ወድቃ አታውቅም እያልኩ ነው ሰው የምጠራው። በሰው አገር ስትንከባለዪ ቢያዩሽ፣ ነገ ማን እኛ ጋ ሊማር ይመጣል? ስምሽ ያንቺ ብቻ መሰለሽ?»

ይህ ንግግር ሌሊሴን አመማት፤ ውሸት አልነበረበትምና። ቢሆንም ሸራዋን ጠቅልላ ተነሳች።

የወደቡ ከተማ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ይጋረፋል። ሌሊሴ ባሕሩን ባየችው ጊዜ ግን ሙቀቱን ረሳችው። ውሃው ከሰማዩ ጫፍ ተነስቶ እየተጠቀለለ ይመጣል፤ ዳር ሲደርስ ይቆምና በራሱ ላይ ይወድቃል። ሽማግሌውን ሰላም ካለች በኋላ ምክር ሳትጠይቅ፣ ሰባት ዓመት ያሸነፈችበትን ሰሌዳ ይዛ ገባች።

የመጀመሪያው ማዕበል አነሳት። እሷ በሐይቁ ልማድ ሸራውን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ታገለች። ሁለተኛው መጣና ሰሌዳውን ለብቻ፣ ሸራውን ለብቻ፣ እሷን ለብቻ ወረወራቸው። ጨው ውሃ በአፍንጫዋ ገባ። በብዙ ጭንቅ ሰሌዳው ላይ ወጥታ፣ ቆማ ሸራውን በገመድ ልትጎትት ስትሞክር ሦስተኛው ገፍቶ ጣላት። ደጋግማ ሞከረች፤ ባሕሩም ደጋግሞ ጣላት። በመጨረሻ ማዕበሉ ራሱ እንደማይረባ ዕቃ እያንከባለለ አሸዋው ላይ አመጣና ጣላት። ዳር ላይ መረብ የሚጠግኑት ዓሣ አጥማጆች ከት ብለው ሳቁ።

ሃንፈሬ መጥተው አጠገቧ አሸዋው ላይ ተቀመጡ።

«ስንት ዓመት ሸራ ያዝሽ?» አሏት።

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ውሃ ውስጥ ሆነሽ ሸራ ማንሳት ማን አስተማረሽ?»

ሌሊሴ አልገባትም። «ሸራ የሚነሳውማ ሰሌዳው ላይ ቆሞ ነው» አለች።

«በረጋ ውሃ ልክ ነሽ። እዚህ ማዕበሉ እስክትቆሚ አይጠብቅሽም። ውሃው ውስጥ ተንጋልለሽ፣ ሸራውን ለነፋሱ ገለጥ አድርገሽ፣ ነፋሱ ራሱ ስቦ እንዲያቆምሽ ማድረግ አለብሽ። ይህን ሐይቅሽ ላይ ያልተማርሽው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ወድቀሽ አታውቂማ። ያልወደቀ ሰው መነሳትን ከየት ይማራል?»

ሌሊሴ አንገቷን ደፋች። ወንድሟ በእንግዳ ፊት ሁሉ የሚኮራበት ነገር፣ «ወድቃ አታውቅም» የሚለው፣ እዚህ ባሕር ዳር ላይ ጉድለቷ ሆኖ ተገኘ። አፍራ ነበር፤ ተናዳም ነበር። ቢሆንም ቀና ብላ፣ «እንግዲያው ከመውደቅ እንጀምር» አለቻቸው።

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሌሊሴ ጀማሪ ሆነች። አንዳንድ ቀን ሃንፈሬ ውሃ እንድትነካ እንኳ አይፈቅዱላትም ነበር፤ ዳር ተቀምጣ ማዕበሉ እንዴት እንደሚወለድና እንዴት እንደሚሞት እንድታይ ያደርጓታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ እያወቀች እንድትወድቅ፣ ከወደቀችበትም ነፋሱን ተጠቅማ እንድትነሳ ያዟታል። «የኋላ እጅሽን ላላ አድርጊ! ጉልበትሽን እጠፊ! ሲያነሳሽ አትታገይው!» እያሉ ከዳር ይጮኻሉ። የሰባት ዓመት ልማድ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። እጇ ሳታዘው ይጨብጣል፤ በጨበጠ ቁጥርም ባሕሩ ይጥላታል። መዳፏ ተልጦ፣ ጉልበቷ ቆስሎ፣ ከንፈሯ በጨው ተሰነጣጥቆ ነበር።

ዓመት ሊሞላት ሲል አንድ ቀን ዳር ላይ የቆመ አንድ ሰው ስትንከባለል በስልኩ ቀረጻት። ተንቀሳቃሽ ምስሉ ከሰው ሰው እየዞረ ሐይቁ ድረስ ደረሰ። «የሐይቁ ንግሥት ጨው ውሃ ጠጣች» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ነበር። ገመቹ ደወለ።

«አየሽ? ያልኩሽ ደረሰ። ሊመዘገቡ የነበሩት ሰዎች ‹ያቺ የምትወድቀዋ ናት ወይ የምታስተምረን?› ይሉኛል። የእኛ ውድድር ደርሷል። ነይና አሸንፊ፤ ሁሉም ይረሳል።»

የሐይቁ ውድድር የሚውልበት ቀን ከባሕሩ ውድድር ጋር አንድ ቀን ነበር። የባሕሩ ውድድር ከወደቡ ተነስቶ፣ ከባሕሩ መካከል ያለችን ትንሽ ደሴት ዞሮ መመለስ ነው። ሐይቁ ላይ ብትሄድ እንደምታሸንፍ ታውቃለች። እዚህ ብትቀር ግን እንደማታሸንፍ ከማንም በላይ ታውቃለች።

«ጋሼ፣ እዚሁ ነው የምወዳደረው» አለች በመጨረሻ።

«ልትሸነፊ?»

«ልጨርሰው።»

«ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ ነው፣ እህቴ!»

«ተልጬ አይደል እንዴ ያለሁት፤ ተነስቼም ነው የምነግርህ» አለችው። ገመቹ ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ቀን በኋላ አልደወለም፤ እሷ ስትደውልም አላነሳም። ከባሕሩ ውርወራ ሁሉ ይልቅ ያ ዝምታ ጎዳት።

የውድድሩ ቀን ነፋሱ ከወትሮው በረታ። ከተለያየ አገር የመጡ ተወዳዳሪዎች ሸራቸውን አቁመው ተሰለፉ። ከደሴቷ በፊት ውሃ ስር የተደበቀ ረጅም የድንጋይ ግድግዳ አለ፤ ትልልቆቹ ማዕበሎች የሚሰበሩት እዚያ ላይ ነው። ድፍረት ያጣ ሰው ግድግዳውን ሳይሻገር ከውስጥ በኩል በረጋው ውሃ ዞሮ እንዲመለስ ይፈቀድለታል፤ ደሴቷን ዞረ ተብሎ ግን አይቆጠርለትም።

ሌሊሴ እስከ ግድግዳው ድረስ ከመካከለኞቹ ጋር ነበረች። እዚያ ስትደርስ ግን የማዕበሉ ጩኸት ጆሮዋን ደፈነው። ነጭ አረፋ እንደ ናዳ ይወርዳል። በግራዋ ያለው ውሃ የተረጋጋ ነው፤ ልክ የሐይቋን ይመስላል። ለአፍታ ዓይኗ ወደዚያ ሄደ። ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ማዕበሉ ገባች።

ወደቀች። ውሃው ስር ትንሽ ቆይታ ወጣች፤ ተንጋለለች፣ ሸራውን ለነፋሱ ገለጥ አደረገችለት፣ ነፋሱም ስቦ አቆማት። እንደገና ወደቀች፤ እንደገና ተነሳች። ሌሎቹ እያለፏት ሄዱ። ስንት ጊዜ እንደወደቀች መቁጠር ትታ ነበር። ከዚያ ከሁሉ የበለጠ አንድ ትልቅ ማዕበል ከፊቷ ቀና አለ። በሐይቁ ልማድ እጇ ሊጨብጥ ሲል ተሰማት። አላላችው። ጉልበቷን አጠፈች። ማዕበሉ ከስሯ ገብቶ አነሳት፤ ከፍ፣ ከፍ አደረጋት። ጫፉ ላይ ሆና ደሴቷን፣ ወደቡን፣ ማለቂያ የሌለውን ሰማያዊ ውሃ በአንድ እይታ አየችው። ከዚያ እንደሚጋልብ ፈረስ በወዲያኛው በኩል ይዟት ወረደ፤ ቆማ ነበር። ማንም በማይሰማበት ባሕር መካከል እልል አለች።

ደሴቷን ዞራ ስትመለስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። የዳኞቹ ጀልባ ቀረብ አለና አንዱ ገመድ አሳያት። «ውድድሩ አልቋል! ሁሉም ገብተዋል። ደክሞሻል፤ ገመዱን ያዢና እንጎትትሽ!»

«ውድድሩ አላለቀም፤ እኔ አልገባሁም» አለቻቸው። ነፋሱም ደክሞ ስለነበር ያቺን የመጨረሻ መንገድ ቀስ እያለች፣ ሸራዋን እያወዛወዘች መጣች።

ዳር ላይ የቀረው ሰው ጥቂት ነበር። ሽልማቱ ተሰጥቶ፣ ሙዚቃው ቆሞ፣ ድንኳኑ እየተነቀለ ነበር። ሌሊሴ ውሃው ከወገቧ በታች ሲሆንላት ከሰሌዳዋ ወርዳ መራመድ ጀመረች። ያን ጊዜ ከአገር ቤት ዕቃ ይዞ የመጣ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አጠገቡ የቆመውን ሰው፣ «ይቺ የመጨረሻዋ ደግሞ የማን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማች።

«እህቴ ናት!»

ሌሊሴ ቀና አለች። ገመቹ ነበር። ከሃንፈሬ ጎን፣ ጫማው በውሃ ርሶ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተነክሮ ቆሟል። ሊመልሳት አስቦ በባቡር ተነስቶ ጠዋት የደረሰው፣ እሷ ከባሕሩ ከገባች በኋላ ነበር። ከዚያ ጀምሮ የሽማግሌውን የሩቅ ማያ መነጽር ከዓይኑ ሳይነቅል፣ ስትወድቅም ስትነሳም ሲያያት ውሎ ነበር።

«እህቴ ናት!» አለ ደግሞ፣ ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን ዳር ላይ ያሉት ዓሣ አጥማጆችም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሌሊሴ ትባላለች! በዚያ ሁሉ ማዕበል ወድቃ ተነስታ ነው የመጣችው! የእናቴ ልጅ ናት!»

መረባቸውን የሚሰበስቡት ዓሣ አጥማጆች ከተቀመጡበት ተነሱ። አንዱ አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ገመቹ ውሃው ውስጥ ገብቶ ሸራውን ከእጇ ተቀበላት።

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ የሐይቁ ውድድር ነው። ለማን ትተኸው መጣህ?» አለችው።

«ያንን ሰባት ዓመት አይቼዋለሁ» አላት። «ይህን ግን አይቼ አላውቅም ነበር።»

ከዚህ በኋላ ሌሊሴ ወደ ሐይቋ ተመለሰች፤ ግን ሐይቋ ላይ ብቻ አልቀረችም። በሌላው ዓመት ነፋስ እምብዛም ወደሌለበት ወደ አንድ የደጋ ሐይቅ ወጥታ፣ ከስሩ ክንፍ ያለውንና በትንሽ ነፋስ ከውሃው ከፍ ብሎ የሚበረውን አዲስ ዓይነት ሰሌዳ ለመማር ሞከረች። እዚያም እንደ ልጅ ወደቀች፤ የአገሩም ሰው ሳቀባት፤ እሷም አብራ ሳቀች። የምታስተምራቸውን ሰዎች በተመለከተ፣ ገመቹ እንደፈራው አልሆነም። ሊማር የሚመጣው ሰው፣ ወድቃ የማታውቅን ሴት ከሩቅ ከማድነቅ ይልቅ፣ መውደቅና መነሳትን ከምታውቅ ሴት አጠገብ መቆም ይቀለው ነበርና።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን የምናሸንፍበት አንድ ሐይቅ አለን። ሥራችን ሊሆን ይችላል፤ ሙያችን ወይም ሰፈራችን ሊሆን ይችላል። ነፋሱን ስለምናውቀው ኃይለኞች የሆንን ይመስለናል፤ ስላልወደቅንም የማንወድቅ። እውነተኛ ኩራት ግን በለመዱት ውሃ ላይ አንደኛ መሆን ብቻ አይደለም። ስማችንን በማያውቅ ባሕር ፊት እንደገና ተማሪ ለመሆን መድፈር፣ ወድቆም በራስ ክንድ ወደ ዳር መድረስ፣ የመጨረሻ ሆነው ቢገቡም አንገትን ቀና አድርገው የሚገቡበት ክብር ነው። የምንወደውም ሰው እንዲህ ያለ መንገድ ሲጀምር፣ ወድቆ ሲታይ አፍረንበት ዞር ከማለት ይልቅ ዳር ቆመን «የእኔ ነው» ማለት ይገባናል።

እስቲ አንተም አንቺም ራሳችሁን ጠይቁ፦ የእናንተ ሐይቅ የትኛው ነው? ሐይቁ የመጨረሻ ጥያቄውን ከጠየቃችሁስ ስንት ጊዜ ሆነው?